ትምህርት ቤትን ለማጥናት ዘዴ ስንመርጥ፦ ከጥያቄው ወደ መስክ የሚወስድ ዝርዝር መመሪያ

በትምህርት ሶሲዮሎጂ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሠራ የተነሣ ተማሪ ርዕሱ እንደጸደቀለት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያዘጋጀው መጠይቅ ነው። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት አማራጭ ያላቸው ሠላሳና አርባ ዐረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ፤ ወረቀቱ በየክፍሉ ታድሎ ይሰበሰባል፤ ከዚያም አማካይና መቶኛ ይሠራለታል። መጠይቅ በቦታው ሲውል ጠንካራ መሣሪያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዘዴው ከጥያቄው ቀድሞ ሲመረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ራሱ በመጠይቅ ሊመለስ በሚችለው ልክ እየተቆረጠ ይሄዳል፣ ተመራማሪውም ሊያውቅ የፈለገውን ትቶ ወረቀቱ የፈቀደለትን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ማንኛውንም ዘዴ ከመምረጥዎ በፊት «የጥያቄዬ መልስ የሚገኘው የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። በመዝገብ ተጽፎ የተቀመጠ መልስ አለ፤ ሰው ቢጠየቅ የሚናገረው መልስ አለ፤ ሰው ሲያደርገው እንጂ ሲናገረው የማይገኝ መልስ አለ፤ ዓመታት ካላለፉ የማይገለጥ መልስም አለ። እያንዳንዱን ለመድረስ የተለየ መንገድ ያስፈልጋል። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ከዚህ በታች አንድ ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን፦ በአንድ የገጠር ወረዳ ሴት ልጆች ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ትምህርታቸውን ለምን ያቋርጣሉ?

ደረጃ አንድ፦ ጥያቄውን መበተን

«ለምን ያቋርጣሉ?» አንድ ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቢያንስ አራት ጥያቄዎች አሉ። ስንት ልጆች አቋረጡ፣ በየትኛው ወርና በየትኛው ክፍል? ያቋረጡት ካላቋረጡት በምን ይለያሉ፤ በቤተሰብ ሀብት፣ በመንገድ ርቀት፣ በእናት ትምህርት? ውሳኔው በቤት ውስጥ እንዴት ተወሰነ፣ ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ? ትምህርት ቤቱ ራሱ ልጅቷን ቀስ በቀስ የሚገፋበት ምን ነገር አለ? የመጀመሪያው ወደ መዝገብ፣ ሁለተኛው ወደ ናሙና ጥናት፣ ሦስተኛው ወደ ቃለ መጠይቅ፣ አራተኛው ወደ ክፍል ውስጥ ምልከታ ይመራል።

እያንዳንዱን ንዑስ ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉና ከጎኑ «ይህን የሚያውቀው ማን ነው?» የሚል ዐምድ ይጨምሩ። ይህ ዐምድ አንድ ትልቅ ስሕተት ገና ከመነሻው ያሳያል፦ ያቋረጠችው ልጅ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የለችም። ስለ ማቋረጥ የሚጠይቅ ወረቀት ክፍል ውስጥ ለተቀመጡ ልጆች ሲታደል መልስ የሚሰጡት የቀሩት ናቸው። ያቋረጡትን ለማግኘት ቀበሌ ለቀበሌ መሄድ፣ ለሥራ ወደ ከተማ የሄደችውን መከተል ወይም ቢያንስ እናቷን ማነጋገር ግድ ነው። ይህ ድካም አለው፤ ጥናቱ እውነተኛ የሚሆነው ግን በዚሁ ድካም ነው።

በሶሲዮሎጂ መማሪያዎች ውስጥ ዘዴ የሚመረጠው ከንድፈ ሐሳብ አቋም ተነሥቶ እንደሆነ ይጻፋል። እንደ ኤሚል ዱርኬም ማኅበራዊ እውነታን ከግለሰቡ ውጭ እንዳለ ነገር ቆጥሮ መለካት፣ እንደ ማክስ ቬበር ደግሞ ሰው ለድርጊቱ የሚሰጠውን ትርጉም ከውስጥ መረዳት ይቻላል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን አቋሙን በመመረቂያ ጽሑፉ የዘዴ ምዕራፍ (ምዕራፍ ሦስት) መግቢያ ላይ በአንድ አንቀጽ ማስፈር ብቻውን ምንም አይመርጥም፤ አቋምዎን የሚያሳየው በዚያ ዐምድ ውስጥ የማንን እውቀት እንደ እውቀት እንደቆጠሩ ነው።

ደረጃ ሁለት፦ በመዝገብ ያለውን በጥርጣሬ ማንበብ

ከሁሉ በፊት ተጽፎ ያለውን ይሰብስቡ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ማንንም አያስቸግርም። የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መድበል፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት፣ የትምህርት ቤቱ ሮስተርና የስም መጥሪያ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ቃለ ጉባኤ ሁሉ መነሻ ይሆናሉ። ሆኖም አሃዝ በሰው እጅ፣ ለአንድ ዓላማ የተሠራ ነገር መሆኑን አይርሱ።

ሦስት ምሳሌ ልስጥ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ለ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ ለ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ ለ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ መሆናቸው ተገልጿል። አንድ ተመራማሪ እነዚህን ቁጥሮች ከቀደሙት ዓመታት ውጤት ጋር አስተያይቶ «የተማሪዎች ችሎታ በአንድ ጊዜ ወደቀ» ቢል ተሳስቷል፤ በመካከሉ የተለወጠው የፈተናው አሰጣጥ፣ የኩረጃው ዕድልና የማለፊያው መስፈርት ነውና። ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ያስቆጥራል።

ሁለተኛው የተሳትፎ ምጣኔ ነው። ጥቅል ተሳትፎ በማንኛውም ዕድሜ ያሉ ተመዝጋቢዎችን፣ ንጥር ተሳትፎ ደግሞ ለክፍሉ በሚገባው ዕድሜ ያሉትን ብቻ ለዚያ ዕድሜ ሕዝብ ያካፍላል። አካፋዩ ቁጥር የሚመጣው ከሕዝብ ትንበያ ነው፤ ትንበያው የሚነሣው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው ቆጠራ ነው። በዚያ ላይ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የብዙ ገጠር ልጆች ዕድሜ የተመዘገበው በቤተሰብ ግምት ነው። ከመቶ በላይ የሆነ ጥቅል ተሳትፎ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ ያለ ንጥር ተሳትፎ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አካፋዩ ይሁን።

ሦስተኛው የአቋራጭ ቁጥር ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በተመዘገበ ተማሪ ብዛት ሲታሰብ ቆይቷል፤ ስለዚህ የሄደችን ልጅ ስም ቶሎ መሰረዝ ለማንም አይጠቅምም። በዚያው ላይ «አቋረጠች»፣ «ቀረች» እና «ተዛወረች» የሚሉት ቃላት በየትምህርት ቤቱ የተለያየ ትርጉም አላቸው። መልቀቂያ ሳትወስድ ወደ ሌላ ወረዳ የሄደች ልጅ እዚህ አቋራጭ፣ እዚያ አዲስ ተመዝጋቢ ትሆናለች። እኔ የምመክረው የመስከረሙን ዝርዝር ከሰኔው ሮስተር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር ስም በስም ማየት ነው። ባልተነገረ ቀን፣ በተለይም በገበያ ቀን፣ በክፍል ውስጥ ያሉትን ልጆች ቆጥሮ ከስም መጥሪያው ጋር ማመሳከርም ብዙ ያስተምራል። በመዝገቡና በወንበሩ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የጥናቱ ግኝት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ ሦስት፦ ናሙናና መጠይቅ

«ያቋረጡት ካላቋረጡት በምን ይለያሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ቤተሰቦችን በአንድ መለኪያ መለካት ይፈልጋል፤ የመጠይቅ ቦታው እዚህ ነው። እዚህም ግን ሦስት ቦታ ላይ መቆም ያስፈልጋል።

አንደኛው የናሙናው መጠን ነው። በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ የሚገኘው 384 የሚባለው ቁጥር የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው ከሙሉ ዝርዝር ላይ በዕጣ አንድ በአንድ ሲወጣ፣ በ95 በመቶ መተማመንና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ነው። እኛ ግን የምንወስደው ትምህርት ቤት መርጠን፣ ክፍል መርጠን፣ ከክፍሉ ውስጥ ልጆችን ነው። በአንድ ክፍል ያሉ ልጆች መምህር፣ ሰፈርና መንገድ ስለሚጋሩ መልሳቸው ይመሳሰላል። ከ20 ክፍሎች 20፣ 20 ልጅ ተወስዶ 400 ቢሞላ፣ በአንድ ክፍል ልጆች መካከል ያለው መመሳሰልም 0.2 ነው ብንል፣ ስሌቱ በ19 (ከ20 ልጅ አንድ ተቀንሶ) የተባዛ 0.2 ላይ 1 መደመር ነው፣ ማለትም 4.8 ይሆናል። 400 ለ4.8 ሲካፈል 83 ያህል ብቻ ይወጣል፤ አራት መቶው ወረቀት የሚሰጠው እውቀት በዕጣ ከወጡ 83 ልጆች የሚገኘውን ያህል ነው ማለት ነው። ያንኑ 400 ከ40 ክፍሎች 10፣ 10 አድርጎ ቢወስዱት ወደ 143 ከፍ ይላል። ስለዚህ ገንዘብና ጊዜ ሲያጥር ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ልጅ እየወሰዱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን መድረስ ይሻላል።

ሁለተኛው የመጠይቁ ቋንቋ ነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጥያቄ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ወንድን ብቻ ያናግራል፤ «ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትፈራለህ?» የሚለውን የምታነብ ልጅ ጥያቄው ለእርሷ እንዳልተጻፈ ይሰማታል። ጥናቱ ስለ ሴት ልጆች ከሆነ «ስትሄጂ ትፈሪያለሽ?» ብሎ የተለየ ቅጂ ማዘጋጀት ተገቢ ነው። የቃል ምርጫም መልሱን ይለውጣል፦ «መምህሩ ይቀጣችኋል?» እና «መምህሩ ይደበድባችኋል?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። «የቤተሰብ ወርኃዊ ገቢ» የሚለውም ለአርሶ አደር ቤት ትርጉም የለውም፤ ገቢው የሚመጣው በምርት ወቅት ስለሆነ ስንት በሬ፣ ስንት ጥማድ መሬት፣ ቤቱ ቆርቆሮ ወይስ ሣር ክዳን ብሎ መጠየቅ የቤተሰቡን አቅም በተሻለ ያሳያል። መጠይቁ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ይመልሰው፣ ሁለቱም ይመሳከሩ።

ሦስተኛው ወረቀቱን የሚያድለው ሰው ነው። ርዕሰ መምህሩ ያደለውና ርዕሰ መምህሩ የሚሰበስበው መጠይቅ ስለ ትምህርት ቤቱ አስተዳደር እውነት ሊነግረን አይችልም። መምህራን ለተማሪዎች ሲያድሉትም እንዲሁ ነው፤ ልጁ መጠይቁን እንደ ፈተና ይቆጥረዋል፣ «ትክክለኛውን» መልስ ይፈልጋል። ራስዎ ይሂዱ፣ ስም እንደማይጻፍ ይናገሩ፣ ወረቀቱንም በታሸገ ሣጥን ይቀበሉ።

ደረጃ አራት፦ ቃለ መጠይቅ

ውሳኔ በቤት ውስጥ እንዴት እንደተወሰነ የሚታወቀው በትረካ ነው። ሃዋርድ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት 60 የቺካጎ መምህራንን አነጋግሮ፣ መምህራን «ጥሩ ተማሪ» የሚሉትን ልጅ በአእምሯቸው እንደሚይዙና የድሃ ሰፈር ልጆችን በዚያ ሚዛን እያዩ እንደሚያሳንሷቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለው ነገር አምስት አማራጭ ባለው ጥያቄ አይወጣም።

ለእኛ ጥያቄ የሚስማማው «ለምን አቋረጥሽ?» ብሎ መጀመር አይደለም፤ ይህ ጥያቄ ውስጡ ክስ አለበት፣ ልጅቷም ራሷን ለመከላከል አጭር ምክንያት ትሰጣለች። ይልቅ «ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር እንዴት ነበር?» ብለው ይጀምሩና በወራት እየተከተሉ ይሂዱ፦ የአጨዳው ጊዜ፣ የገና ሰሞን፣ የጥር ሰርግ፣ የፋሲካ ማግሥት። ሰው ቀን ባያስታውስ በዓል ያስታውሳል። ማቋረጥ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አለመሆኑ፣ በኅዳር በአጨዳ ምክንያት ከቀረ ሁለት ሳምንት ተነሥቶ እስከ መጋቢት እንዴት እንደሚሰፋ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

የልጆች ዝምታ በቀላሉ አይተርጎም። ዊልያም ላቦቭ በኒው ዮርክ ሐርለም ባደረገው ጥናት አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ያው የሰፈሩ ሰውና እንደ እርሱ ጥቁር በሆነ ጠያቂ ፊት እንኳ በአንድ ቃል ብቻ ይመልስ ነበር። ጠያቂው በሌላ ጊዜ የልጁን ጓደኛ ይዞ፣ የተጠበሰ ድንች አምጥቶ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ ሲያወራው ግን ያው ልጅ እየተሻማ ተናገረ። ስለዚህ «ልጆቹ ሐሳባቸውን መግለጽ አይችሉም» ብሎ ከመጻፍ በፊት አነጋገራችንን መፈተሽ ይገባል። ከታላላቆቿ ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ተምራ ላደገች ልጅ፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ፣ ከከተማ ከመጣ እንግዳ ፊት ለብቻዋ መቀመጥ ራሱ አፍ ያስይዛል። ሁለት ጓደኛሞችን አብሮ ማነጋገር፣ ውሃ ሲቀዱ ወይም ቡና ሲፈላ መጨዋወት፣ ለሴት ልጆች ሴት ጠያቂ ማዘጋጀት ይረዳል። የቡድን ተኮር ውይይት ጠቃሚ የሚሆነው ሰዎች በአደባባይ የሚሉትን ለማወቅ ስንፈልግ ነው፤ በአንድ ሰፈር ሰዎች ፊት ማንም የገዛ ቤቱን ገመና አያወጣም።

ስለ ጊዜ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአንድ ሰዓት ቅጂ ቃል በቃል ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። 20 ቃለ መጠይቅ ያቀደ ሰው ለመገልበጥ ብቻ ከ80 እስከ 120 ሰዓት መያዝ አለበት፤ ትርጉም ካለው ደግሞ ከዚያ በላይ።

ደረጃ አምስት፦ ምልከታ

ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚገፋበትን መንገድ ማንም አይነግረንም፤ የሚያደርጉት ሰዎችም አያስተውሉትም። ሬይ ሪስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ በአንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ተቀምጦ፣ መምህርቷ ገና በስምንተኛው ቀን ልጆቹን በሦስት ጠረጴዛ እንደከፈለቻቸው አየ። የአከፋፈሉም ልክ የልጆቹን አለባበስ፣ አነጋገርና የቤተሰብ ኑሮ የሚከተል ነበር፤ ክፍፍሉም ልጆቹ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርሱ አልለቀቃቸውም። ያች መምህርት በመጠይቅ ብትጠየቅ «ሁሉንም ልጆች እኩል አያለሁ» ማለቷ አይቀርም ነበር፤ ከልቧ አምናው።

በምልከታ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። በተዘጋጀ ቅጽ መቁጠር አንዱ ነው። ኔድ ፍላንደርስ የክፍል ንግግርን በ10 ክፍሎች ከፍሎ በየ3 ሴኮንዱ ይመዘግብ ነበር፤ በዚህ ስሌት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 800 ምልክት ይሰጣል። ለእኛ ጥያቄ ከዚህ የቀለለ ቅጽ ይበቃል፦ መምህሩ ስንት ጊዜ ወንድ፣ ስንት ጊዜ ሴት ጠራ፤ መልሱ ሲዘገይ ለማን ታገሠ፤ ጥቁር ሰሌዳ የሚጠርገው፣ ክፍል የሚያጸዳው ማን ነው። ቅጹን ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ለየብቻ ሞልተው ካላስተያዩት ግን መተማመን አይቻልም።

ሌላው ለረጅም ጊዜ አብሮ መኖር ነው። ፖል ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጥናት በእንግሊዝ ሚድላንድስ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች የሆኑ 12 ወንዶችን ከትምህርት ቤት እስከ ሥራ ተከትሎ፣ ለትምህርት ቤቱ ያሳዩት እምቢተኝነት ራሱ ወደ አባቶቻቸው ሥራ እንዴት እንደመለሳቸው ገለጠ። አሥራ ሁለት ልጅ እንግሊዝን አይወክልም፤ ዊሊስም የፈለገው ስሌትን ሳይሆን ሂደቱን ነበር። እንዲህ ላለው ሥራ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያዩት ለእንግዳ የተዘጋጀ ትምህርት ነው። መምህራኑ እርስዎን ሳይጠብቁ ማስተማር እስኪጀምሩ ድረስ የተጻፈውን ማስታወሻ ለብቻው ያስቀምጡት።

ደረጃ ስድስት፦ ጊዜና ሙከራ

ለውጥን የሚያሳይ ጥናት ያንኑ ሰው መልሶ መላልሶ ማየት ይፈልጋል። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 ቦታዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል፤ ይህን ለብቻ የሚሠራ ተማሪ አይችለውም፣ የተሰበሰበውን መረጃ ግን ተጠቅሞ የራሱን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። ሙከራን በተመለከተ የሮዘንታልና የጃኮብሰን የ1968 እ.ኤ.አ. ጥናት ማስጠንቀቂያም ነው፦ በዕጣ የተመረጡ 20 በመቶ ልጆች «በቅርቡ ይጎለብታሉ» ተብሎ ለመምህራን ተነገረ፤ በታችኞቹ ክፍሎች «ይጎለብታሉ» የተባሉት ልጆች ውጤት ከሌሎቹ ይልቅ አደገ። ጥናቱ በኋላ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስማቸው ያልተጠራው 80 በመቶ ልጆች ናቸው፤ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊኖር አይገባም።

ደረጃ ሰባት፦ ዘዴዎችን በቅደም ተከተል ማያያዝ

ቅይጥ ዘዴ ማለት ሁሉንም ትንሽ ትንሽ መሥራት ማለት አይደለም። አንዱ የሌላውን ጥያቄ ሲወልድ ነው የሚጠቅመው። በእኛ ምሳሌ መዝገቡ ማቋረጥ በየትኛው ወር እንደሚበዛ ያሳያል፤ ያ ወር የጥቂት ቤተሰቦች ቃለ መጠይቅ መነሻ ይሆናል፤ በቃለ መጠይቁ የተገኙት ምክንያቶች፣ በሰዎቹ በራሳቸው ቃል፣ የመጠይቁ አማራጮች ይሆናሉ። በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ አማራጭና ከሰው አፍ የተወሰደ አማራጭ አይወዳደሩም። አቅምዎ ለሁለት ዘዴ ብቻ ከበቃ ሁለቱን በደንብ ይሥሩ።

ደረጃ ስምንት፦ ፈቃድና ኃላፊነት

ከዩኒቨርሲቲው የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ከወረዳ እስከ ርዕሰ መምህር በሩን ይከፍታል፤ የልጅቷን ፈቃድ ግን አይተካም። የወላጅ ፈቃድ፣ ከዚያም የልጅቷ የራሷ እሺታ፣ መቅረትና ማቆም እንደምትችል በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት ሊሰጥ ይገባል። የማንነት ጥበቃም ስም ከመቀየር ያልፋል፦ በወረዳው አንዲት ሴት ርዕሰ መምህር ብቻ ካለች «አንዲት ርዕሰ መምህርት» ብሎ መጻፍ ስሟን እንደ መጻፍ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በቃለ መጠይቁ መካከል የ14 ዓመት ልጅ «በሚቀጥለው ወር ሊድሩኝ ነው» ብትል ምን ያደርጋሉ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ እርስዎ ግን ምስጢር እጠብቃለሁ ብለዋል። መልሱ በዚያ ሰዓት የሚፈለግ አይደለም። ከመሄድዎ በፊት ከአማካሪዎ ጋር ተነጋግረው በወረዳው ለማን እንደሚነገር ይወስኑ፤ ልጅቷንም ገና ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር «አንቺን የሚጎዳ ነገር ከሰማሁ ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ልናገር እችላለሁ» ብለው በግልጽ ይንገሯት።

ደረጃ ዘጠኝ፦ የመስክ ጊዜና ቅድመ ሙከራ

ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ወር የሚያዩትን ይወስናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ያለው ቀሪ ከየካቲቱ ይለያል፤ በሰኔ ደግሞ መምህሩ በፈተናና በሮስተር ተወጥሯል። ቢቻል ሁለት ጊዜ ይሂዱ፣ ባይቻል የሄዱበትን ወር በጽሑፉ ውስጥ ይጥቀሱና ግኝቱን በዚያ ልክ ይወስኑት።

በመጨረሻም መሣሪያዎችዎን ከጥናቱ ቦታ ውጭ ባለ አንድ ትምህርት ቤት በአሥር ሰው ላይ ይሞክሩ። መልሶቹን ሳይሆን ሰዎቹን ይመልከቱ፦ የት ላይ ቆሙ፣ የት ላይ «ምን ማለት ነው?» አሉ፣ የት ላይ ሳያነቡ አከበቡ። አንድ ጥያቄ ለሦስት ሰው ካልገባ ይሰረዝ ወይም ይጻፍ እንደገና። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የሰጡበት ጥያቄ ካለ ደግሞ የትኛው ንዑስ ጥያቄ እንደሆነ ወደ መጀመሪያው ወረቀትዎ ተመልሰው ይዩ፤ ምናልባት የዚያ መልስ ያለው በሌላ ቦታ፣ በመዝገብ ወይም በክፍሉ ውስጥ ነው። እንዲህ ሆኖ ሲገኝ ዘዴውን ለመቀየር አማካሪዎን የሚያነጋግሩበት ጊዜ አሁን ነው፤ አራት መቶው ወረቀት ከመባዛቱ በፊት።